የጣቢያ ፖሊስ የዕለት ሥራ፦ ለአዲስ ተመዳቢ አባላት የተጻፈ መመሪያ

የፖሊስ ሥልጠናችሁን ጨርሳችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቢያ ስትመደቡ የሚጠብቃችሁ ሥራ በሰልፍ ሜዳ ከለመዳችሁት በእጅጉ የተለየ ነው። ሩጫም ማሳደድም አለ፤ ነገር ግን ከአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ረጅሙን ሰዓት የሚወስደው ሰው ማዳመጥ፣ መጻፍ፣ መቁጠርና መረካከብ ነው። በምርመራ ክፍል ለብዙ ዓመታት ሠርቼ እንደታዘብኩት፣ መዝገቦች ችሎት ፊት ሲወድቁ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰዓታት በአግባቡ ሳይጻፉ መቅረታቸው ነው። ስለዚህ እያንዳንዱን ተግባር ሳስረዳ ምን እንደሚደረግ ብቻ ሳልወሰን፣ ምን፣ መቼና በማን ፊት እንደሚጻፍም አብሬ አነሣለሁ።

ተራ መረከብ

ሥራ በርክክብ ይጀምራል። ተሰናባቹ ተረኛ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ መዝገቡን ሲያቀብላችሁ ወዲያው አትፈርሙ። በቅድሚያ ወደ ማረፊያ ቤቱ ገብታችሁ የታሰሩትን ሰዎች በስም እየጠራችሁ ቁጠሩ፤ ቁጥሩ መግጠሙ አይበቃም፣ እያንዳንዱ ስም ከባለቤቱ ጋር መገናኘት አለበት። እያንዳንዱ ሰው መቼና በማን እንደተያዘ፣ ፍርድ ቤት መቼ እንደሚቀርብ፣ ሕመም ወይም በየሰዓቱ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለው ጠይቁ። የስኳር፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱ ከንብረቱ ጋር ተቆልፎበት ማደር የለበትም። ፊቱ ያበጠ ወይም ሲራመድ የሚያነክስ ሰው ካያችሁ ጉዳቱ መቼና እንዴት እንደደረሰበት ከራሱ አንደበት ሰምታችሁ በተሰናባቹ ተረኛ ፊት መዝግቡ፤ ጠዋት ያልተመዘገበ ቁስል ማታ የእናንተ ይሆናል። ሴቶች ከወንዶች፣ ልጆችም ከአዋቂዎች ተለይተው መያዛቸውን በዓይናችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ ኤግዚቢቱን፣ ማለትም በማስረጃነት የተያዘውን ዕቃ፣ ከዚያም መሣሪያውንና ጥይቱን ቁጠሩ። ገንዘብ በኖቱ ዓይነት እየተለየ፣ ስልክ በሞዴሉና በመለያ ቁጥሩ ይጻፋል። ጌጣጌጥ ሲሆን «የወርቅ ቀለበት» ብላችሁ አትመዝግቡ፤ ወርቅ መሆኑን ማረጋገጥ የባለሙያ ሥራ ስለሆነ «ወርቃማ ቀለም ያለው ቀለበት» ብላችሁ ጻፉ። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሆኖም ከወራት በኋላ ባለንብረቱ «የሰጠሁት ወርቅ በመዳብ ተለወጠብኝ» ቢል የምትመልሱት በዚያ ቀን በጻፋችሁት ቃል ነው።

ሰዓት፣ ቀንና ስም አጻጻፍ

በአገራችን ሰዓት መጻፍ ራሱን የቻለ ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። «በ3፡00 ሰዓት» ተብሎ የተጻፈ ቃል ጠዋት ይሁን ማታ ማንም ሊያውቅ አይችልም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ «ከጠዋቱ»፣ «ከቀኑ»፣ «ከምሽቱ» ወይም «ከሌሊቱ» የሚለው ቃል ከቁጥሩ ይቅደም። ከባዱ ችግር ግን የሌሊቱ ነው። ሰኞ መሽቶ ማክሰኞ ሊነጋ ሲል የተፈጸመን ድርጊት አንዱ ምስክር «ሰኞ ሌሊት»፣ ሌላው «ማክሰኞ ሌሊት» ይለዋል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረው ችሎት ፊት የተጋጩ ይመስላሉ። አባቶቻችን ለዚህ ጥሩ አነጋገር ትተውልናል፤ «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 8፡15» ብላችሁ ብትጽፉ ምንም አይነት ጥርጣሬ አይኖርም።

ከመሣሪያ የሚገኝ ማስረጃ ሲመጣ ጥንቃቄው ይጨምራል። የሱቅና የሆቴል ካሜራ፣ የኤቲኤም ደረሰኝ፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር ብዙ ጊዜ የሚያሳዩት በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ከእኛ ሰዓት በ6 ሰዓት ይለያሉ፤ ዓመተ ምሕረቱም እንደ ወሩ በ7 ወይም በ8 ዓመት ይበልጣል። ካሜራው 20፡40 ሲል ምስክሩ «ከምሽቱ 2፡40» ካለ የሚናገሩት ስለ አንድ ደቂቃ ነው። የካሜራው ሰዓት ራሱ የተዛባ ሊሆንም ስለሚችል፣ ምስሉን ስትወስዱ የካሜራውን ሰዓት በዚያች ቅጽበት ከእጅ ሰዓታችሁ ጋር አስተያይታችሁ ልዩነቱን በማስታወሻ አስፍሩ። ይህን አንድ መስመር ባለመጻፍ ብቻ ዋጋ ያጣ ማስረጃ አውቃለሁ።

ስም እስከ አያት ይጻፋል፤ የሚታወቅበት ቅጽል ስምም ካለ ይጨመራል። ፊደሉን ከመታወቂያው ላይ እንዳለ ቅዱ፤ ኃይሉ፣ ሀይሉና ሐይሉ በሦስት ወረቀት ላይ ሲጻፉ ሦስት ሰው ይመስላሉ። አድራሻ ስትቀበሉ በወረዳና በቤት ቁጥር አታቁሙ። መጥሪያ አድራሹ የሚያገኘው «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ ሰማያዊ በር» በሚለው ነውና የቅርብ ምልክቱን ጠይቃችሁ ጻፉ።

አቤቱታ መቀበል

ወደ ጣቢያ የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ በሕይወቱ ከባድ ከሆኑት ቀናት በአንዱ ላይ ነው። «ይቀመጡ» በሉት፤ ውኃ ካለ ስጡት፤ ከዚያ አዳምጡ። ለረጅም ዓመታት የሠራንበት የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 23 እንደደነገገው፣ ፖሊስ የደረሰው ጥቆማ አጠራጣሪ ቢመስለው እንኳ ምርመራውን የማካሄድ ግዴታ አለበት። ስለዚህ «ይህ ነገር አይመስለኝም» ብሎ ባለጉዳይን ከበር መመለስ የማናችንም ሥልጣን አይደለም። ድርጊቱ የተፈጸመው በሌላ ጣቢያ ክልል ከሆነም አጣዳፊውን ነገር ተቀብላችሁ መዝግቡ፣ ስልክ ደውላችሁም ለሚመለከተው ጣቢያ አሳውቁ፤ ባለጉዳዩ ከጣቢያ ጣቢያ ሲንከራተት ቁስሉ ይደርቃል፣ ምስክሩም ይበተናል።

ቃል ስትቀበሉ በመጀመሪያ ሰውየው ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይናገር። ከዚያ ያልገባችሁን «ከዚያስ? የት ቆመው አዩት? በምን ለዩት?» እያላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን አስቀድሞ የያዘ ጥያቄ አትጠይቁ። ስትጽፉም የተናጋሪውን ቃል ጠብቁ። በየመዝገቡ «በማን አለብኝነት ተነሣስቶ» የሚል ሐረግ ሞልቶ አያለሁ፤ በመንገድ ዳር ቆሎ የምትሸጥ እናት ግን እንዲህ ብላ አትናገርም። ዳኛው «ይህን ያሉት እርስዎ ነዎት?» ብሎ ሲጠይቃት «እኔ እንዲህ አላልኩም» ትላለች፤ በዚያች መልስ እውነተኛው ቃሏም አብሮ ይጠረጠራል። የተጻፈው በሚገባት ቋንቋ ተነብቦላት፣ የሚታረመው ታርሞ፣ ትፈርምበታለች፤ መጻፍ የማትችል ከሆነ በጣት አሻራዋ ታረጋግጣለች።

በቤት ውስጥ የሚደርስ ጥቃትን በተመለከተ አንድ የቆየ ልማድ አለብን፤ ፊቷ የቆሰለን ሴት «የባልና ሚስት ነገር ነው፣ ሽማግሌ ይዛችሁ ታረቁ» ብሎ መመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በትዳር ወይም አብሮ በመኖር ግንኙነት ውስጥ የሚፈጸምን ጥቃት በአንቀጽ 564 በግልጽ ወንጀል አድርጎታል። ሽምግልና በባህላችን ትልቅ ቦታ አለው፤ ሆኖም ፖሊስ የጥቃት ተጎጂን ወደ ሽማግሌ የመምራት ሥልጣን አልተሰጠውም። ተጎጂዋን ለብቻዋ በሆነ ክፍል፣ ከተቻለ በሴት ባልደረባ አነጋግሯት፤ አጥቂው በመተላለፊያው ላይ ተቀምጦ እንዳያያት አድርጉ። የወሲብ ጥቃት ከሆነ ቃል ከመቀበል ሕክምና ይቀድማል። ሰውነቷን እንዳትታጠብ፣ የለበሰችውንም ልብስ እንዳታጥብ በርኅራኄ አስረዷት፤ ልብሱ በወረቀት ከረጢት ይያዝ፣ በፌስታል ውስጥ እርጥበት ስለሚይዝ ማስረጃው ይበላሻል። አዲስ አበባ ውስጥ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል እንደሚገኘው ያለ የተቀናጀ የአንድ መስኮት ማዕከል ካለ ወደዚያ ውሰዷት፤ ሕክምናውም ምርመራውም በአንድ ቦታ ስለሚሠራ ያንኑ መራር ነገር ደጋግማ ከመናገር ትድናለች። የያለዕድሜ ጋብቻ ጥቆማ ሲመጣ ደግሞ ለነገ አይባልም፤ ድግሱ ከተበላ በኋላ መድረስ ለልጅቷ አለመድረስ ነው።

ከሚመጡት አቤቱታዎች ብዙዎቹ ወንጀል አይደሉም። ያበደረው ገንዘብ ያልተመለሰለት፣ ከአከራዩ ጋር የተጣላ፣ በድንበር የተካሰሰ ሰው ጉዳዩ የፍትሐ ብሔር መሆኑን በትሕትና አስረድታችሁ ወደ ፍርድ ቤት ምሩት። ባለ ዕዳን «እስኪከፍል ይቆይ» ብሎ ማሰር ሕገ ወጥ እስር ነው፤ አሳሪውን ራሱን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 ያስጠይቃል።

ድርጊቱ የተፈጸመበት ቦታ ስትደርሱ

የመጀመሪያው ሥራ ሕይወት ማዳን ነው። ቁስለኛ ካለ አምቡላንስ ጥሩ፤ የቀይ መስቀል 907 ነው። እሳት ካለ 939 ይደወላል። ቁስለኛውን ለማንሣት የግድ የሆነ ዕቃ ብትነኩ ወይም ብታንቀሳቅሱ፣ ከየት ወደየት እንዳንቀሳቀሳችሁት ጻፉ።

ከዚያ ቦታውን እጠሩ። ገመድ ከሌለ ድንጋይ ደርድሩ፣ ካልሆነም ሰው አቁሙ። ሕዝቡ ለማየት ይጓጓል፤ አንዳንድ ጊዜ ከሕዝቡ በላይ ቦታውን የሚረግጡት የእኛው አለቆች ናቸው። አለቃን «ጌታዬ፣ የፎረንሲክ ባለሙያ እስኪመጣ ከዚህ አይለፉ» ማለት ለአዲስ ኮንስታብል ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ግን ባለ ማዕረግም ቢሆን የገባውን ሰው ሁሉ ስምና የገባበትን ሰዓት መመዝገብ የቆመው ጠባቂ ሥራ ነው፤ መዝገብ እንደሚያዝ ያየ ሰው በራሱ ጊዜ ይቆጠባል። ቢላውን አታንሡ፤ የጥይት ቀለሁን ከመሬት አትልቀሙ፤ በስፍራው አታጭሱ፤ በቤቱ መጸዳጃም አትጠቀሙ። ምስክሮችን ለየብቻ አቁሟቸው፤ አንድ ላይ ቆመው ሲያወሩ ከቆዩ አንዱ ያየውን ሌላው እንዳየ ሆኖ ይሰማዋል፤ ያንንም ሲናገር የሚናገረው ከልቡ አምኖ ነው።

መያዝ

ሰውን መያዝ ነፃነቱን መውሰድ ስለሆነ ከሥራዎቻችን ሁሉ ከባዱ ነው። መሠረቱ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ነው። ያለ ትእዛዝ መያዝ የሚፈቀደው በሕግ ለተዘረዘሩ ሁኔታዎች ነው፤ ዋናዎቹም እጅ ከፍንጅ የተገኘ ወንጀልና ከ1 ዓመት በማያንስ እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል እንደፈጸመ ወይም ሊፈጽም እንደሆነ በበቂ ምክንያት የተጠረጠረ ሰው ናቸው። «በቂ ምክንያት» ማለት በኋላ በወረቀት ላይ ልትጽፉት የምትችሉት ምክንያት ነው። «ሁኔታው አላማረኝም» የሚለው ሊጻፍ አይችልም፤ «ከተሰበረው ሱቅ 50 ሜትር ርቀት ላይ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ የዋጋ ወረቀታቸው ያልተነሣ 6 አዲስ ጫማዎች ተሸክሞ አገኘሁት» የሚለው ግን ይጻፋል።

ስትይዙ ማንነታችሁን ንገሩ፤ ትእዛዝ ካለ አንብቡለት፣ ሲጠይቅም አሳዩት። ለማንኛውም አዋቂ ሰው «እርስዎ» ማለትን ልመዱ። አንድ አባወራ በልጆቹ ፊት «ና አንተ!» ሲባል ለመታገል የሚነሣው ከመያዙ ይልቅ ከውርደቱ የተነሣ ነው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት የሚነገረው ቃል በሚገባው ቋንቋ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «በስርቆት ወንጀል ተጠርጥረው ተይዘዋል። ያለመናገር መብት አለዎት። ቃል ከሰጡ ግን የሚሰጡት ቃል በፍርድ ቤት ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብዎት ይችላል።» ሰውየው አማርኛ የማይሰማ ከሆነ አስተርጓሚ ፈልጉ፤ ራሱን ነቀነቀ ማለት ገባው ማለት አይደለም። መስማት ለተሳነው ሰው ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው እስኪመጣ ጠብቁ። የነገራችሁበትን ሰዓትም መዝግቡ።

እጁን በሰላም ለሰጠ ሰው ኃይል አያስፈልግም። ለታገለ ሰው የሚፈቀደው ኃይል ትግሉን ለማብረድ የሚበቃው ብቻ ነው፤ ካቴና ከገባ በኋላ የሚሰነዘር ጥፊ በየትኛውም ሕግ ስሙ ድብደባ ነው። ተጠርጣሪን ማስፈራራት ወይም መደብደብ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ያስቀጣል፤ በግዳጅ የተገኘ የእምነት ቃልም በሕገ መንግሥቱ መሠረት ተቀባይነት የለውም። እንዲህ ያለ ቃል የመርማሪውን ድካም ሁሉ ያፈርሳል፤ ከዚያም በላይ ያልበደለን ሰው ሊያስፈርድ፣ የበደለውንም ነፃ ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ ነገር ሳስብ አሁንም ልቤ ይከብዳል፤ በወጣትነቴ «እውነት በአለንጋ ይወጣል» ብለው የሚያምኑ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ በአለንጋ የሚወጣው ግን ደብዳቢው መስማት የፈለገው ነገር ብቻ ነው።

በየገበያውና በየአውቶቡስ መናኸሪያው የሚያጋጥማችሁ ሌላ ነገር አለ፤ «ሌባ!» ተብሎ በሕዝብ የተያዘ ሰው። እጅ ከፍንጅ ለተገኘና ከ3 ወር በማያንስ ቀላል እስራት ለሚያስቀጣ ወንጀል ማንኛውም ሰው መያዝ ይችላል፤ ወዲያው ለፖሊስ ማስረከብ ግን አለበት። እናንተ ስትደርሱ ሰውየውን ከመሐል አውጥታችሁ ወደ ተሽከርካሪ ወይም ወደ ቅርብ ግቢ አስገቡት፤ ጥያቄው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ያረፈበትን ጉዳት በዚያው ጻፉ፣ አሳክሙትም። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ደግሞ ይህ ነው፦ ይዞ ያስረከባችሁ ሰው ዋና ምስክር ነው፤ ስሙንና ስልኩን ሳትቀበሉ ከለቀቃችሁት እሱም ተበዳዩም በሕዝቡ መሐል ይጠፋሉ፤ ጣቢያ ስትደርሱ በእጃችሁ ያለው የተደበደበ ሰውና ባዶ መዝገብ ብቻ ይሆናል።

የተያዘው ልጅ ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው። ከ9 ዓመት በታች ያለ ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለ ልጅ ደግሞ ወዲያውኑ ወደ ወረዳ ፍርድ ቤት መቅረብና ጉዳዩ በዚያ መመራት አለበት፤ ጣቢያ አስቀምጦ እንደ አዋቂ ቃል መቀበል አይፈቀድም። ዕድሜው ከተጠራጠራችሁ ቤተሰብ፣ የልደት ወይም የክርስትና ምስክር ወረቀት፣ ካልተገኘም የሐኪም ምርመራ ይጠየቃል።

ብርበራ

ቤት ለመፈተሽ መርሁ የፍርድ ቤት የብርበራ ትእዛዝ ነው። በሩጫ እያሳደዳችሁት ያለ ተጠርጣሪ ቤት ውስጥ ሲገባ፣ ወይም ከ3 ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል የሚፈለግ ዕቃ ትእዛዝ እስኪመጣ ሊሰወር እንደሚችል በበቂ ምክንያት ሲታመን ሕጉ ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል፤ ከዚያ ውጭ በር አይገፋም። ፍርድ ቤቱ በተለይ ካላዘዘ በስተቀር ብርበራ የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። በትእዛዙ ላይ ላፕቶፕ ተጽፎ ከሆነ የምትፈልጉት ላፕቶፕ ነው፤ የበርበሬ ቆርቆሮ መገልበጥ አያስፈልግም። የተወሰደው ዕቃ እዚያው ተዘርዝሮ ከእናንተ ውጭ የሆነ ገለልተኛ ሰው አይቶ ይፈርምበት፤ ጎረቤት ወይም የዕድር ዳኛ መጥራት የተለመደ ነው። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ብቻ ናት። ስትወጡም የገለበጣችሁትን መልሱ፤ በዚያ ቤት ያሉት ልጆች ስለ ፖሊስ የሚያድርባቸው ስሜት በዚያ ቀን ይወሰናል።

አርባ ስምንቱ ሰዓት

የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት፤ ከዚህ የማይቆጠረው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚወስደው ጊዜ ብቻ ነው። ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ነፃነቱን ካጣበት ቅጽበት ጀምሮ ነው፤ መዝገብ ከተከፈተበት ወይም መርማሪው ከገባበት ሰዓት ጀምሮ የሚቆጥሩ ባልደረቦች ስላሉ ይህን አጥብቄ እናገራለሁ። ሰኞ ከቀኑ 9፡20 የተያዘ ሰው እስከ ረቡዕ ከቀኑ 9፡20 ዳኛ ፊት መቆም አለበት፤ ችሎቱ ወረፋ ሊኖረው ስለሚችል ማለዳ መሄድ ይሻላል። ዐርብ ማታ ለተያዘ ሰውም ሰዓቱ ቅዳሜና እሑድ አይቆምም፤ ሕገ መንግሥቱ ለሰንበት ልዩ ሁኔታ አላስቀመጠም። ስለዚህ ሊያስቸኩል የማይችል ጉዳይ ከሆነ ዐርብ ማታ ከመያዝ ይልቅ መጥሪያ መስጠትን አስቡ፤ የያዛችሁ ከሆነ ተረኛ ችሎት የት እንዳለ አስቀድማችሁ እወቁ።

ፍርድ ቤት የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። ወንጀሉ በጽኑ እስራት የማያስቀጣ ከሆነ፣ ወይም መፈጸሙ አጠራጣሪ ከሆነ መርማሪው ራሱ ዋስ አስጠርቶ ሊለቅ ይችላል። ይህ ሥልጣን በአግባቡ ቢሠራበት ማረፊያ ቤቶቻችን ምን ያህል ይቀልላቸው ነበር!

ተጨማሪ የምርመራ ጊዜ ሲያስፈልግ ፍርድ ቤቱ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን ያልበለጠ ቀጠሮ ሊፈቅድ ይችላል። ዳኛው የሚጠይቀው ግልጽ ነው፦ እስካሁን ምን ተሠራ? ምን ቀረ? የቀረው ለምን ሰውየውን ማሰር ይጠይቃል? «ምርመራው ስላልተጠናቀቀ» የሚል አንድ መስመር ይዛችሁ አትቅረቡ። «የ3 ምስክሮች ቃል ተቀብለናል፤ የ2 ምስክሮች ቃልና የሆስፒታሉ የሕክምና ማስረጃ ይቀራል» ብላችሁ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮም ይኸው መሠራቱን አሳዩ። ተጠርጣሪው እስር ላይ ሳለ የትዳር ጓደኛው፣ ዘመዶቹ፣ ወዳጆቹ፣ የሃይማኖት አባቱ፣ ሐኪሙና ጠበቃው ሊያነጋግሩት ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 21 ፈቅዷል። ምግብ ይዛ በር ላይ የቆመች እናት ልጇ የት እንዳለ በግልጽ ይነገራት፤ ከጣቢያ ጣቢያ እያዞሩ ማስፈለግ ትልቅ በደል ነው።

ቀጠና መጠበቅ

በማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት ቀጠና ከተሰጣችሁ በእግር ሂዱ። በመኪና የሚዞር ፖሊስ መንገዱን እንጂ ሰዎቹን አያውቅም። የሊስትሮውን፣ የሱቅ ጠባቂውን፣ የታክሲ ተራ አስከባሪውን፣ ጉሊት የምትቸረችረውን ሴት ስም እወቁ፤ ምንም ነገር ባልተፈጠረበት ቀን ሰላምታ ያልሰጣችሁት ሰው ነገር በተፈጠረ ቀን አይነግራችሁም። የመንገድ መብራት የጠፋበትን፣ በሩ የተሰበረውን ባዶ ቤት፣ ተማሪዎች ማታ የሚያልፉበትን ጨለማ መንገድ መዝግባችሁ ለወረዳው አሳውቁ። ጥቆማ የሰጠን ሰው በአደባባይ አታመስግኑት፣ ስሙንም በስልክ ቡድን ላይ አትጻፉ፤ ደኅንነቱን አደጋ ላይ ትጥላላችሁ።

የትራፊክ አደጋ ላይ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ቁስለኛውን አሳክማችሁ፣ ተሽከርካሪዎቹ ከመነሣታቸው በፊት የጎማዎቹን ቦታና የፍሬን ምልክቱን በጠመኔ አስምሩ፣ ፎቶም አንሡ፤ ቀሪውን ለትራፊክ ፖሊስ ተዉ።

መሣሪያና ስጦታ

በ1990 እ.ኤ.አ. ሀቫና ላይ የጸደቁት የተባበሩት መንግሥታት መርሆዎች የጦር መሣሪያ ሕይወትን ወይም አካልን ከሚያሠጋ የማይቀር አደጋ ለመከላከል ብቻ፣ ሌላ መንገድ ሲጠፋ እንዲተኮስ ያዛሉ። ጊዜ ካለ ፖሊስ መሆናችሁን ተናግራችሁ አስጠንቅቁ። የስልክ ነጣቂ እየሮጠ ነው ተብሎ ሰው በበዛበት መንገድ አይተኮስም፤ ስልኩ ይተካል። ከተተኮሰ ደግሞ ቁስለኛውን ማሳከም፣ ለቤተሰቡ ማሳወቅና ሳይዘገዩ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው።

ጉቦ ብዙውን ጊዜ ጉቦ ተብሎ አይመጣም፤ «ለሻይ» ተብሎ ይመጣል። የታሰረ ልጇን ለማየት የመጣች እናት መቶ ብር እጃችሁ ላይ ስታስጨብጥ እያሰበች ያለችው መብቷን እንደምትገዛ ነው። ገንዘቡን በሰው ፊት መልሱላት፤ ልጇን ማየት ያለ ክፍያ መብቷ መሆኑንም ንገሯት። ደሞዛችን የሚያጥር መሆኑን አላጣሁትም፤ በወር መጨረሻ ቤት ኪራይ የጎደለው አባል ፈተናው ቀላል አይደለም። ይሁን እንጂ አንዴ የተቀበለ እጅ ሁለተኛ ጊዜ አይጠየቅም፤ ይታዘዛል።

ምስክር ሆኖ መቅረብ

ተራ ስታስረክቡ የተጀመረውን ሁሉ፣ ያላለቀውን፣ ነገ ማን ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ጻፉ፤ በቃል የተነገረ ነገር በደከመ ጆሮ ይጠፋል። የጻፋችሁት ማስታወሻ የሚፈለገው ግን አንዳንድ ጊዜ ከዓመት በኋላ፣ ዐቃቤ ሕግ ምስክር አድርጎ ሲጠራችሁ ነው። መጥሪያው ሲደርሳችሁ መዝገቡን አስቀርባችሁ አንብቡ፤ ከባልደረባችሁ ጋር ቃል አታስማሙ፤ እያንዳንዳችሁ ያያችሁትን ተናገሩ። ችሎት ፊት ለተጠየቃችሁት ብቻ መልሱ፤ ግምታችሁን እንደ እውቀት አታቅርቡ። የተከላካይ ጠበቃ አጥብቆ ቢጠይቃችሁ አትቆጡ፤ ሥራውን እየሠራ ነው። በማስታወሻችሁ ያልተጻፈና የማታስታውሱት ነገር ሲጠየቅ «አላስታውስም» በሉ፤ የተሳሳታችሁበትም ነገር ካለ ዳኛው ከመጠየቁ በፊት ራሳችሁ ተናገሩ።